36 ክለብ፣ 36 መንገድ፣ አንድ ሰንጠረዥ

ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ በአውሮፓ 18 ሜዳዎች 18 ጨዋታዎች በአንድ ጊዜ ተጀመሩ። የሻምፒዮንስ ሊጉ አዲስ የሊግ ምዕራፍ የመጨረሻ ምሽት ነበር። ዛግሬብ ላይ ዲናሞ ኤሲ ሚላንን 2 ለ 1 ረታ። ማንቸስተር ላይ ደግሞ የቤልጂየሙ ክለብ ብሩዥ እስከ እረፍት 1 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ በሲቲ 3 ለ 1 ተሸነፈ። ጨዋታው ሲያበቃ ግን ያሸነፈው ዲናሞ ተሰናበተ፤ የተሸነፈው ብሩዥ አለፈ።

ሁለቱም ክለቦች 11 ነጥብ ነበራቸው። ብሩዥ 4 የጎል ዕዳ ይዞ 24ኛ፣ ዲናሞ 7 የጎል ዕዳ ይዞ 25ኛ ሆኑ። በሩ የሚዘጋው ደግሞ ልክ በ24ኛውና በ25ኛው መካከል ነው። ብሩዥ ባገኘው ዕድል ተጠቅሞ ቀጥሎ በነበረው የደርሶ መልስ ጨዋታ 9ኛ የወጣውን አታላንታን ጥሎ አለፈ። ዲናሞ ግን ሻንጣውን ሸክፎ ወደ አገር ውስጥ ሊጉ ተመለሰ።

«ሕግ ሕግ ነው፣ ዕዳው የበዛበት ይውጣ» ብሎ ነገሩን መዝጋት ይቻላል። ግን ቆይ! ዲናሞና ብሩዥ እርስ በርስ አልተጋጠሙም። ከስምንት ስምንት ተጋጣሚዎቻቸው መካከል የጋራ የሆኑት ሦስት ብቻ ናቸው። ታዲያ የአንዱ ጎል ከሌላው ጎል ጋር በየትኛው ሚዛን ነው የተመዘነው? አዲሱ የሻምፒዮንስ ሊግ ፎርማት እስካሁን በቅጡ ያልመለሰው ጥያቄ ይኼ ነው።

የሞት ምድብ የት ሄደ?

የቀድሞውን ፎርማት የማያስታውስ የኳስ አፍቃሪ የለም። 32 ክለቦች በስምንት ምድብ ይደለደላሉ፤ በየምድቡ አራት ክለቦች በሜዳቸውና ከሜዳቸው ውጭ እየተገናኙ ስድስት ስድስት ጨዋታ ያደርጋሉ። ዕጣው የከፋበት «የሞት ምድብ» ውስጥ ይገባል፤ ደጋፊውም ያለቅሳል። ነገር ግን በዚያ ምድብ ሰንጠረዥ ላይ ያሉት አራቱም ክለቦች የተጋጠሙት ከእነዚያው ከአራቱ ጋር ነው። አንደኛ የወጣው ለምን አንደኛ እንደወጣ፣ ሦስተኛ የወጣው ለምን እንደቀረ ማንም ይገባዋል። መከራውንም የተካፈሉት አብረው ነው።

ከ2024/25 የውድድር ዘመን ጀምሮ ይኼ ቀረ። 36 ክለቦች በአንድ ረጅም ሰንጠረዥ ላይ ተደረደሩ። እያንዳንዱ ክለብ ከስምንት የተለያዩ ክለቦች ጋር አንድ አንድ ጊዜ ይጫወታል፤ አራቱን በሜዳው፣ አራቱን ከሜዳው ውጭ። ከ1ኛ እስከ 8ኛ የወጡት በቀጥታ ወደ 16ቱ ይገባሉ፤ ከ9ኛ እስከ 24ኛ ያሉት በደርሶ መልስ ይጣጣላሉ፤ ከዚያ በታች ያለው ቻው ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ክለብ ከ35 ተፎካካሪዎቹ የሚያገኘው ስምንቱን ብቻ ሲሆን 27ቱን አይቶ እንኳ አያልፍም። በ36 ክለቦች መካከል ሊደረጉ ከሚችሉት 630 ግንኙነቶች ውስጥ ሜዳ ላይ የሚታዩት 144ቱ ብቻ ናቸው። ይኼ ከሩብ ያንሳል። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ያህል 38 ጨዋታ ተደርጎ ሁሉም ከሁሉም ሁለት ሁለት ጊዜ ሲገናኝ ሰንጠረዡ ራሱ ዳኛ ነው። ሩብ ያህሉ ብቻ ተጫውቶ የሚሞላ ሰንጠረዥ ግን ዳኝነቱን ከመርሐ ግብሩ መበደር ግድ ይለዋል። መርሐ ግብሩ ካዘነበለ ሰንጠረዡም አብሮ ያዘነብላል።

ከማን ጋር? የት? መቼ?

ዩኤፋ ይኼን አላሰበበትም ማለት ሐሰት ይሆናል። 36ቱ ክለቦች ዘጠኝ ዘጠኝ ሆነው በአራት ቋት ይመደባሉ። እያንዳንዱ ክለብ ከእያንዳንዱ ቋት ሁለት ተጋጣሚ ይደርሰዋል፤ አንዱን በሜዳው ያስተናግዳል፣ ወደ ሌላኛው ይጓዛል። የአንድ አገር ክለቦች አይገናኙም። ከአንድ አገር ከሁለት ክለብ በላይም አይደርስም። ይኼን ሁሉ ቅድመ ሁኔታ በእጅ ዕጣ ለማሟላት ወደ 1,000 የሚጠጉ ኳሶች ያስፈልጉ ስለነበር ሥራው ለኮምፒውተር ተሰጠ። ነሐሴ 23 ቀን 2016 ዓ.ም ሞናኮ ላይ ጂያንሉጂ ቡፎን የክለቦቹን ስም ሲያወጣ፣ ክርስቲያኖ ሮናልዶ ቁልፍ ሲጫን፣ ኮምፒውተሩ ስምንቱን ተጋጣሚ በአንድ ጊዜ ሲዘረግፍ ዓለም በቴሌቪዥን ተመልክቷል።

ጣጣው ያለው ቋቱ ላይ ነው። ክለቦቹ የሚደለደሉት ባለፉት አምስት ዓመታት በአውሮፓ መድረክ ባስመዘገቡት ውጤት ነው። ቋቱ የሚናገረው የትናንቱን እንጂ የዛሬውን አይደለም። በ2024/25 አንደኛው ቋት ውስጥ የነበረው ላይፕዚግ ከስምንት ጨዋታ ያገኘው 3 ነጥብ ብቻ ነው። ከአራተኛው ቋት የመጣው አስቶን ቪላ ደግሞ 16 ነጥብ ሰብስቦ 8ኛ ወጣ። እዚያው አራተኛ ቋት ውስጥ የነበረው ስሎቫን ብራቲስላቫ አንድም ነጥብ አላገኘም። «ከአራተኛው ቋት ሁለት ደረሰህ» የተባለ ክለብ ቪላ ይድረሰው ስሎቫን፣ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው።

ቀጥሎ «የት» የሚለው ይመጣል። ብሩዥ ሚላንን የገጠመው ሳን ሲሮ ድረስ ተጉዞ ሲሆን 3 ለ 1 ተሸነፈ። ዲናሞ ያንኑ ሚላንን በሜዳው አግኝቶ አሸነፈ።

«መቼ» የሚለውም ቀላል ነገር አይደለም። ሊቨርፑል የመጀመሪያዎቹን ሰባት ጨዋታዎች በሙሉ አሸንፎ ማለፉን ካረጋገጠ በኋላ የመጨረሻውን ጨዋታ ለማድረግ ወደ አይንድሆቨን ሲሄድ ዋና ዋና ተጫዋቾቹን አሳርፎ ነበር። ፒኤስቪም 3 ለ 2 አሸነፈ። አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ አንፊልድ ላይ ሊቨርፑልን የገጠመው ሊል ግን 2 ለ 1 ተረትቶ ነው የተመለሰው። ስሙ አንድ ነው፤ ሁለቱ የገጠሙት ሊቨርፑል ግን አንድ አልነበረም።

የሁለቱ ክለቦች ጉዞ ሲመረመር

ወደ ዲናሞና ብሩዥ እንመለስ። መስከረም 7 ቀን 2017 ዓ.ም በመጀመሪያው ጨዋታ ዲናሞ ሙኒክ ላይ በባየርን 9 ለ 2 ተቀጠቀጠ። ሃሪ ኬን ብቻውን አራት አገባ። ያቺ ምሽት ያመጣችው ዕዳ ሰባት ጎል ነው። በቀሩት ሰባት ጨዋታዎች ዲናሞ 10 አግብቶ 10 ተቆጠረበት። መጨረሻ ላይ 7 የጎል ዕዳ ብሎ ሰንጠረዡ የጻፈበት፣ ሌላ ሳይሆን የሙኒኳ ምሽት ነች።

ብሩዥስ? ሙኒክ አልደረሰውም። ከአንደኛው ቋት ሁለቱም ዶርትሙንድን በሜዳቸው ተቀብለው ሁለቱም 3 ለ 0 ተሸንፈዋል። ከዚያው ቋት ለጉዞ የደረሳቸው ግን ለዲናሞ ባየርን ሲሆን ለብሩዥ ማንቸስተር ሲቲ ነበር። ሲቲ ደግሞ በዚያ የውድድር ዘመን ጤና አጥቶ 22ኛ ሆኖ የጨረሰ ሲቲ ነው።

እስከዚህ ድረስ የሰማ ሁሉ «ዲናሞ ተበድሏል!» ማለቱ አይቀርም። ሙሉው ሒሳብ ሲሠራ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የዲናሞ ስምንት ተጋጣሚዎች በሊጉ ምዕራፍ የሰበሰቡት ነጥብ ሲደመር 92 ይሆናል። አርሰናል 19፣ ባየርን፣ ዶርትሙንድና ሚላን እያንዳንዳቸው 15፣ ሞናኮ 13፣ ሴልቲክ 12፣ ሳልዝበርግ 3፣ ስሎቫን ዜሮ። የብሩዥ ስምንት ተጋጣሚዎች ድምር ደግሞ 98 ነው። ቪላ 16፣ ዶርትሙንድና ሚላን 15፣ 15፣ ጁቬንቱስና ሴልቲክ 12፣ 12፣ ሲቲና ስፖርቲንግ 11፣ 11፣ ስቱርም ግራዝ 6። ብሩዥ እንደ ስሎቫን ያለ የተመቻቸ ተጋጣሚ አልደረሰውም። ሁለቱም ክለቦች ሦስት አሸንፈው፣ ሁለት አቻ ወጥተው፣ ሦስት ስለተሸነፉ ለተጋጣሚዎቻቸው የሰጡት ነጥብም እኩል 11 ነው። ስለዚህ ንጽጽሩ ንጹሕ ነው።

ይኼ ማለት ማለፍ የነበረበት ብሩዥ ነው፤ ያለፈውም ብሩዥ ነው። ሰንጠረዡ ትክክለኛውን ክለብ ያሳለፈው ግን በተሳሳተ ምክንያት፣ በአጋጣሚ ነው። ለዛግሬብ ደጋፊ የተሰጠው መልስ «ሙኒክ ላይ ዘጠኝ ስለገባብህ» የሚል ነው። መሰጠት የነበረበት ግን «ብሩዥ ያንተኑ ያህል ነጥብ የያዘው ከባድ በሆነው መንገድ ተጉዞ ነው» የሚለው ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ ሁለቱ ሚዛኖች አንድ ቦታ ላይ ላያርፉ ይችላሉ።

ነገሩ የአንድ ዓመት ገጠመኝ አይደለም። ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም ምሽትም ታሪክ ራሱን ደግሟል። ቤንፊካ ሪያል ማድሪድን 4 ለ 2 ሲያሸንፍ አራተኛዋን ጎል በ98ኛው ደቂቃ በጭንቅላት ገጭቶ ያስቆጠረው በረኛው አናቶሊ ትሩቢን ነበር። ያቺ ጎል ቤንፊካን 24ኛ አድርጋ ስታሳልፍ በእኩል 9 ነጥብ ላይ የነበረውን ማርሴይን በጎል ክፍያ አስወጣች። እንዲህ ያለ ምሽት ለተመልካች ሠርግ ነው። ማርሴይና ቤንፊካ በተመሳሳይ መንገድ መጥተው እንደሆነ ግን በዚያ ሌሊት የጠየቀ የለም።

አሜሪካኖቹ ቀድመው የገቡበት ጣጣ

ይኼ እንቆቅልሽ ለአውሮፓ አዲስ ቢሆንም በሌላ ስፖርት ውስጥ የቆየ ነው። አሜሪካኖች «ፉትቦል» የሚሉት፣ ኳሷ እንደ እንቁላል የሾለችው፣ በእጅ የሚጫወቱት ስፖርት በዩኒቨርሲቲዎች መካከል የሚካሄደው «ኮንፈረንስ» በሚባሉ ማኅበራት ሥር ነው። ጨዋታው እጅግ አድካሚ በመሆኑ በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ አይደረግም፤ የውድድር ዘመኑም አጭር ነው። ኮንፈረንሶቹ ደግሞ አባል እያበዙ ሄዱ። «ቢግ ቴን» ማለት «ታላቆቹ አሥር» ቢሆንም እ.ኤ.አ ከ2024 ጀምሮ አባላቱ 18 ናቸው! እያንዳንዱ ቡድን በኮንፈረንሱ ውስጥ የሚያደርገው ዘጠኝ ጨዋታ ነው፤ ከ17 ተፎካካሪዎቹ ስምንቱን በዚያ ዓመት አያገኛቸውም።

መጀመሪያ የሞከሩት በካርታ መከፋፈልን ነበር። እ.ኤ.አ ከ2014 እስከ 2023 ቢግ ቴን «ምሥራቅ» እና «ምዕራብ» ተብሎ ለሁለት ተከፍሎ የሁለቱ አሸናፊዎች ለዋንጫ ይገናኙ ነበር። ኦሃዮ ስቴት፣ ሚሺገንና ፔን ስቴት የተከማቹት በምሥራቁ ነው። ውጤቱስ? አሥር ፍጻሜ ተደረገ፤ አሥሩንም ምሥራቅ በላ። በምሥራቅ ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡት ቤታቸው ተቀምጠው ከምዕራብ የመጣው ደካማ በፍጻሜው ሲጫወት ያዩ ነበር። ካርታ ፍትሕ እንዳልሆነ ገባቸውና ክፍፍሉን ሰረዙት።

የተኩት በዙር ነው። እንደ ሚሺገንና ኦሃዮ ስቴት ያሉ የቆዩ ባላንጣዎች በየዓመቱ ይገናኛሉ፤ ይኼ አይነካም። ከዚያ በቀር ሁሉም ቡድን በአምስት ዓመት ውስጥ ከሁሉም ጋር ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ አንድ ጊዜ በሜዳው አንድ ጊዜ ከሜዳው ውጭ፣ እንዲገናኝ መርሐ ግብሩ ይዞራል። 16 አባላት ያሉት የደቡብ ምሥራቁ ኮንፈረንስም ከ2026 ጀምሮ ዘጠኝ ጨዋታ እንዲሆን ወስኗል፤ ሦስቱ ቋሚ ተጋጣሚዎች ሲሆኑ ስድስቱ እየተፈራረቁ ይመጣሉ። ዘንድሮ የከበደው ቡድን ከርሞ እንዲቀልለው ተብሎ በወረቀት የተጻፈ ነገር አለ ማለት ነው።

ለዲናሞና ለብሩዥ ጉዳይ መልስ የሚሆነው ግን ሌላው ሕጋቸው ነው። በ2024 ፔን ስቴትና ኢንዲያና በቢግ ቴን እኩል ስምንት አሸንፈው፣ አንድ ተሸንፈው ጨረሱ። እርስ በርስ አልተጋጠሙም። የጋራ የሆኑት አምስት ተጋጣሚዎች ላይ ያስመዘገቡት ውጤት እንኳ አንድ ነበር፤ ሁለቱም በኦሃዮ ስቴት ተሸንፈው የቀሩትን አሸንፈዋል። ከኦሪገን ጋር ለዋንጫ የሚገናኘው ማነው? ሕጉ ወደ ተጋጣሚዎች ጥንካሬ ዞረ። የፔን ስቴት ዘጠኝ ተጋጣሚዎች በኮንፈረንሱ ያሸነፉት በድምሩ 33 ጨዋታ ሲሆን የኢንዲያና 28 ነበር። ፔን ስቴት ገባ። «ማን ብዙ አግብቶ አሸነፈ» የሚል ጥያቄ አልተነሳም። ፔን ስቴት በፍጻሜው 45 ለ 37 ተሸነፈ፤ የኢንዲያና ሰዎችም ቅር መሰኘታቸው አልቀረም። ግን ለምን እንደቀሩ የሚነግራቸው ቁጥር በእጃቸው ነበር።

ስድስተኛው አንደኛ ይሁን

የሚገርመው ዩኤፋም ይኼን መለኪያ አያጣውም። በሕጉ ላይ ተጽፏል። ያለበት ቦታ ግን ስድስተኛ ነው! ሁለት ክለቦች በነጥብ እኩል ሲሆኑ መጀመሪያ የጎል ክፍያ፣ ቀጥሎ ያገቡት ጎል፣ ከሜዳ ውጭ ያገቡት ጎል፣ ያሸነፉት ጨዋታ ብዛት፣ ከሜዳ ውጭ ያሸነፉት ይታያል። ይኼ ሁሉ እኩል ሆኖ ከተገኘ ብቻ የተጋጣሚዎቻቸው ነጥብ ይቆጠራል። እዚያ መድረስ ማለት ሎተሪ እንደማግኘት ነው። ይኼ መለኪያ ከስድስተኛ ወደ አንደኛ ይምጣ። ሁሉም ከሁሉም በማይገናኝበት ሰንጠረዥ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከማን ጋር ተጫወትክ?» መሆን አለበት።

ይኼን የሚቃወሙ ሰዎች ጠንካራ ነጥብ አላቸው። ጎል በራስ እግር የሚገኝ ነው፤ የተጋጣሚ ነጥብ ግን በሌላ ሰው እግር። አንድ ክለብ በማያውቀው ሜዳ በሚደረግ ጨዋታ ዕጣው ለምን ይወሰን? እውነት ነው። ነገር ግን ባየርን ላይ የሚገባና ስሎቫን ላይ የሚገባ ጎል በአንድ ሚዛን ሲመዘንም ክለቡ ባልመረጠው ዕጣ እየተዳኘ ነው። የጎል ክፍያ ከዕጣ ነፃ አያወጣም፤ ዕጣውን ይሸፍነዋል እንጂ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የተመልካቹ ነው። 18 ጨዋታ በአንድ ጊዜ ሲካሄድ ደጋፊ የጎል ክፍያን በጣቱ ይቆጥራል፤ የስምንት ተጋጣሚዎችን ነጥብ ግን ማን ይደምርለታል? ለዚህ መልሱ ቀላል ነው። 36 ክለቦችን በሰከንዶች ውስጥ የደለደለ ኮምፒውተር ስምንት ቁጥር ደምሮ በስክሪኑ ጥግ ላይ ማሳየት አያቅተውም።

አንድ መጠንቀቅ ያለበት ነገር አለ። የተጋጣሚዎች ነጥብ በደፈናው ሲደመር የተሸነፈን ክለብ መንገድ ከባድ ያስመስለዋል፤ ምክንያቱም ያሸነፉት ክለቦች ነጥብ ያገኙት ከእሱው ነው። በ2024/25 ፓሪ ሴን ዠርሜን 13 ነጥብ ይዞ 15ኛ ሲወጣ፣ ከዚያም አንደኛ የወጣውን ሊቨርፑልን በመለያ ምት ጥሎ፣ በፍጻሜው ኢንተርን 5 ለ 0 ደቁሶ ዋንጫ ሲያነሳ «ድሮም 15ኛ ያደረገው ዕጣው ነው» ያለው ደጋፊ ብዙ ነው። በደፈናው ሲደመር የፓሪስ ተጋጣሚዎች 93፣ የሊቨርፑል 88 ነጥብ ነበራቸው። ፓሪስ ራሱ የሰጠው 10 ነጥብ፣ ሊቨርፑልም የሰጠው 3 ነጥብ ሲቀነስ ግን 83 እና 85 ይሆናል። የሊቨርፑል መንገድ እንኳን ሊቀል፣ በትንሹም ቢሆን ይከብድ ነበር! ስለዚህ መለኪያው አንደኛ ሲመጣ ክለቡ ራሱ የሰጠው ነጥብ ተቀንሶ ይሁን። በደንብ የተሠራ ሒሳብ ለተበደለው ጠበቃ ይሆናል፤ ሰበብ ለሚፈልገውም ሰበቡን ይነሳዋል።

ከአሜሪካኖቹ የሚወሰደው ሌላው ትምህርት ማስታወስ ነው። ሪያል ማድሪድ በ2024/25 አንፊልድ ሄዶ 2 ለ 0 ተሸነፈ። በ2025/26ም ዕጣው እንደገና አንፊልድ ላከው፤ 1 ለ 0 ተሸነፈ። ሊቨርፑል ወደ በርናባው የሚሄደው መቼ ነው? ለኮምፒውተሩ ያለፈው ዓመት አልነበረም። በሻምፒዮንስ ሊግ ተሳታፊዎች በየዓመቱ ስለሚለዋወጡ እንደ ቢግ ቴን የአምስት ዓመት ዙር ማውጣት አይቻል ይሆናል። ሁለት ክለቦች በተከታታይ ዓመት ሲገናኙ ሜዳው ይቀየር የሚል አንዲት መስመር መጨመር ግን ይቻላል።

ዩኤፋ ፎርማቱን መንካት የማይሞከር ነገር አለመሆኑን ራሱ አሳይቷል። ከ2025/26 ጀምሮ በሰንጠረዡ ከፍ ያለ ደረጃ የያዙ ክለቦች በሩብ ፍጻሜና በግማሽ ፍጻሜም የመልሱን ጨዋታ በሜዳቸው እንዲያደርጉ ፈቅዷል። ደረጃው ይኼን ያህል ዋጋ ካወጣ ደረጃው የሚወጣበት መንገድም በዚያው ልክ መጥራት አለበት። የሕጉን ስድስተኛ ቁጥር ወደ አንደኛ ማምጣት አዲስ ጨዋታ አይጠይቅም፣ አዲስ ሜዳ አይጠይቅም፣ የቴሌቪዥን ገንዘብም አይቀንስም። የሚጠይቀው አንድ ስብሰባና አንድ ፊርማ ነው።